የስህተቱ ምንጭ

ሰኞ፣ የካቲት 3

የርቀት ትምህርቱ መጻሕፍት ዛሬ ደረሱ። አራት ጥራዝ፣ አንድ የሙከራ መመሪያና አንድ ጥቅል ቅጽ። የመመሪያው ገጽ 17 ሁለት ጊዜ ታትሟል፤ ገጽ 18 የለም። በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርጌበታለሁ።

ለዚህ ደብተር ደንብ አውጥቻለሁ። እውነት ብቻ ይጻፋል። ቁጥር ከነመለኪያው ይጻፋል። የቱንም ያህል ብቸኩል እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በአራት ነጥብ ይዘጋል። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ለተማሪዎቼ የነገርኩትን በራሴ ደብተር ላይ የማፈርስበት ምክንያት የለም።

ፊዚክስን ያስተማርኩት በዲፕሎማ ነው። በጡረታ ሽኝቴ ላይ ርእሰ መምህሩ «ዲግሪ ሳይኖራቸው ዲግሪ ካላቸው በላይ የሠሩ» ብሎ አመሰገነኝ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። በማግስቱ ሄጄ ለዲግሪው ተመዘገብኩ።

የርቀት ትምህርቱ ማእከል ከቤታችን ፊት ለፊት ነው። በሜትር እንጨቴ ለካሁት፤ ከበራችን እስከ በራቸው 143 ሜትር። ነገር ግን ሪፖርት በቀጥታ አይገባም። መጀመሪያ የማእከሉ አስተባባሪ ማኅተም ይመታበታል። ከዚያ እኔ በፖስታ ወደ ዋናው ቢሮ እልከዋለሁ። ዋናው ቢሮ መዝግቦ፣ እንዲያርመው ለዚያው አስተባባሪ መልሶ ይልክለታል። ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ቲቸር፣ ርቀት ካልሄደ ምኑን የርቀት ትምህርት ሆነ?» አለኝ።

ድሮ ተማሪዬ ነበር። ያኔም መልስ አያጣም ነበር፤ የሚያጣው ትክክለኛውን ነበር።


ሐሙስ፣ የካቲት 6

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። ዛሬ አዲሱን የሳሎን መጋረጃ ሰቀለች። ከዘንጉ እስከ ወለሉ የለካሁት እኔ ነኝ፤ 2 ሜትር ከ16። የቆረጠችው እሷ ናት። መጋረጃው ወለሉን ይጠርጋል። ትርፉን ለካሁት፤ 6 ሴንቲ ሜትር።

«ለክተህ የሰጠኸኝን ነው የቆረጥኩት» አለችኝ።

«የጨርቅ ሜትር ይሳባል፤ እንጨት አይሳብም።»

«ሠላሳ ዓመት ሰው ያለበስኩበት ሜትር ነው እኮ!»

«ሰው ሆዱን ይሰበስባል» አልኳት። «መስኮት አይሰበስብም።»

ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። እንደ ተስማማች ቆጥሬዋለሁ።


እሑድ፣ የካቲት 9

የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ልኬት ስህተት ነው። በጣም ጥሩ ምዕራፍ ነው፤ ሁለት የፊደል ግድፈት ብቻ አለው። ዋናውን ሐሳብ በራሴ አባባል እዚህ እገለብጠዋለሁ።

ስህተት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ የሚል ነው። ልኬቱ በተደጋገመ ቁጥር እርስ በርሱ እየተጣፋ ይሄዳል። ሁለተኛው ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያደላል። ይህ ሺህ ጊዜ ቢለካም አይጠፋም። አብሮት የኖረ ሰው ከነመኖሩም አያውቀውም።

ከምዕራፉ በኋላ ያለው መልመጃ «ከአካባቢህ ለሁለተኛው ዓይነት ስህተት ምሳሌ ስጥ» ይላል። ሰባት ሰው አገኘሁ። የቆጠርኩት ይህን መንገድ ብቻ ነው። ከዘመድ ደግሞ እህቴን፣ አማቼንና ባለቤቴን ጨምሬያለሁ። ባለቤቴ የግድግዳውን ሰዓት አምስት ደቂቃ አስቀድማ ነው የምትሞላው። «እንዳልዘገይ ነው» ትላለች። አምስት ደቂቃ መቅደሙን ስለምታውቅ አምስት ደቂቃ ትዘገያለች።


ረቡዕ፣ የካቲት 12

የመጀመሪያው ሙከራ ፔንዱለም ነው። በክር ላይ የተንጠለጠለ ነገር ወዲያና ወዲህ ሲል፣ የክሩን ርዝመትና የምልልሱን ጊዜ ለክቶ የመሬት ስበትን መጠን ማግኘት ነው። መልሱ 9.8 መሆኑን ዓለም ያውቀዋል። ጥያቄው ሠሪው ይደርስበታል ወይ ነው። መመሪያው ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ይለቃል፣ ሌላው ሰዓት ይይዛል። ሁለቱም ይፈርማሉ።

በጓዳው በር መቃን ላይ ምስማር መታሁ። በክሩ ጫፍ የድሮውን የዕቃ ቤት ጓጉንቸር አንጠለጠልኩ። ከምስማሩ እስከ ጓጉንቸሩ ወገብ ልክ አንድ ሜትር፤ የእንጨቴ ሙሉ ቁመት። በስሌት ሃያ ምልልስ 40.1 ሰከንድ መፍጀት አለበት። ባለቤቴን ከስፌት መኪናዋ አስነስቼ ሰከንድ ቆጣሪውን አስያዝኳት። እኔ ለቀቅኩ፤ እኔው ቆጠርኩ።

39.7።

«ቀድመሽ ጫንሽ።»

«ሃያ ስትል ነው የጫንኩት።»

«ሃያ ልል ስል ነው የጫንሽው።»

«አንተ ልትል ስትል እኔ በምን አውቄ?»

እንደገና ሠራን። 39.7። እንደገና። 39.7። እንዲህ ዓይነት ጽናት በመልካም ነገር ላይ ቢሆን ኖሮ!


ሐሙስ፣ የካቲት 13

አሥር ጊዜ ደገምን። ስምንቱ 39.7፣ አንዱ 39.8፣ አንዱ 39.6። ስበቱ በስሌት 10.0 ይመጣል። መሬት በእኛ ቤት ከሌላው ቦታ አብልጣ ትስባለች ማለት ነው። ይህ ሊሆን አይችልም። እንግዲህ የቀረው ሰዓት ያዧ ናት።

በሰባተኛው ላይ «እስቲ እንጨትህን ከእኔ ሜትር ጋር አስተያየው» አለች። ከርእስ መውጣት መሆኑን በትዕግሥት አስረዳኋት። በዘጠነኛው ላይ ድስቱ አረረ። የድስት ማረር በምልልስ ጊዜ ላይ ተጽዕኖ የለውም፤ ስለዚህ ዘጠነኛውን አልሰረዝኩትም።


ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ሪፖርቱን ጨረስኩ። ንጹሕ ሥራ ነው። በተለይ የቅጹ የመጨረሻ ሣጥን አጥጋቢ ሆኖልኛል። እንዲህ ጻፍኩ።

«የስህተቱ ምንጭ፦ ረዳቷ። ሰከንድ ቆጣሪውን ቀድማ የማቆም ጽኑ ልማድ አላት። ይህ ልማድ በሠላሳ አንድ ዓመት ክትትል በሌሎች ጉዳዮችም ተስተውሏል።»

ስም አልጠቀስኩም። በሳይንስ ሰው በስሙ አይወቀስም።

ባለቤቴ ቁልፍና ክር ልትገዛ ስትወጣ ሪፖርቱን ሰጠኋት፤ ኮፒ አስደርጋ፣ ፈርማ እንድትመልሰው።

በዚያው ቀን፣ ከራት በኋላ። ኮፒው መጥቷል። ጥራቱ መልካም ነው። የረዳት ፊርማ የሚለው ቦታ ባዶ ነው፤ ረስታዋለች። ራቷን አልበላችም። ሆዷን ሳያማት አልቀረም።


እሑድ፣ የካቲት 16

ባለቤቴ ልጃችን ቤት ሄደች። ልጃችን ከወለደች ሁለት ወር ሆኗታል፤ እርዳታ ያስፈልጋታል። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ትታለች። እንዳለ እገለብጠዋለሁ።

«ልጄ ጋ ሄጃለሁ። የስህተቱ ምንጭ ስለተወገደ ከእንግዲህ ትክክለኛ ውጤት ታገኛለህ»

የእጅ ጽሑፏ ጥሩ ነው። በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ አራት ነጥብ የለም፤ በቀይ ጨምሬበታለሁ። ሐሳቡን በሚገባ ተረድታዋለች። ምንጩ ሲወገድ ውጤቱ መሻሻል አለበት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ብነግራት የማትሰማኝ ይመስለኝ ነበር።

ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዛለች። ለሕፃን ብዙ ነገር ያስፈልጋል።


ረቡዕ፣ የካቲት 19። ከሄደች 4ኛ ቀን።

ማእከሉ ሄድኩ። አስተባባሪው ሪፖርቱን ገለጠና ግንባሩን ቋጠረ።

«አሥር? ቲቸር፣ ሁሉም ሰው እኮ 9.8 ነው ያመጣው።»

«ሁሉም ሠርተውታል?»

«ሁሉም አምጥተውታል።»

ነገሩን አጣርቻለሁ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሪፖርቱን አዘጋጅቶ አስቀምጧል። ተማሪው ስሙን ብቻ ይሞላል። የረዳቱ ፊርማ ሳይቀር ታትሞበታል። አርባ ስድስት ተማሪ አንድ ረዳት ነው ያለው። ታታሪ ሰው ነው፤ በአንድ ቀን በአርባ ስድስት ቤት ሰዓት ይዟል።

«9.8 ብለው ይጻፉና እንገላገል» አለኝ አስተባባሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለእርስዎ ማን ይጠይቃል?»

«እኔ እጠይቃለሁ» አልኩት። «ቁጥሬ እውነተኛ ነው። የተሳሳተችው ረዳቷ ናት።»

ሣጥኑን አነበበ። ቀና ብሎ አየኝ። እንደገና አነበበ።

«ይቺ ረዳት … እትዬ ናቸው?»

«በሳይንስ ስም አይጠቀስም።»

«እትዬ ሳይፈርሙ ማኅተም አልመታም፤ ደንብ ነው» አለ። «ቀነ ገደቡ መጋቢት 12 ነው። ካለፈ ዓመቱን ይደግማሉ።» ከዚያ ሳቅ አለ። «ቲቸር፣ ሰባተኛ ክፍል ጥቁር ሰሌዳውን ለኩ ብለውን 2 ሜትር ከ94 ብዬ ዜሮ የሰጡኝ ትዝ ይልዎታል?»

«ሦስት ሜትር ነበር። ራሴ ለክቼዋለሁ።»

«ነበር» አለ። እንደ ቂም ይዞታል። የዛሬ ልጅ እርማት አይወድም። ይህ ግን የዛሬ ልጅ አይደለም፤ ጸጉሩ ሸሽቷል።


ቅዳሜ፣ የካቲት 22። 7ኛ ቀን።

ሪፖርቱን ይዤ ልጄ ቤት ሄድኩ። ባለቤቴ ሕፃኑን ታቅፋ በሩን ከፈተችልኝ። ፊቷ ደህና ነው። ሆዷን እንደተሻላት ጠየቅኳት። የምን ሆድ አለችኝ።

ሻይ ቀረበልኝ። የአየሩን ሁኔታ ተነጋገርን። ከዚያ ቅጹን አውጥቼ የምትፈርምበትን ቦታ በጣቴ አሳየኋት።

«አልፈርምም።»

«አንድ መስመር ነው እኮ።»

«እዚህ ላይ እኔን ምን አልከኝ? ስህተት። ስህተት ደግሞ አይፈርምም፣ መምህር።»

«መምህር» የምትለኝ ስትቆጣ ነው። ስህተት አላልኩሽም፣ የስህተቱ ምንጭ ነው ያልኩት፣ ሁለቱ ይለያያሉ ብዬ አስረዳኋት። ልጄ ጓዳ ውስጥ አንድ ነገር ከእጇ ወደቀ።

«አባዬ» አለች ወጥታ፤ «ሻይህን ጠጣና ሂድ።»

ጠጣሁና ሄድኩ። በመንገድ ላይ አሰብኩበት። ልዩነቱን በምሳሌ ማስረዳት ነበረብኝ።


ማክሰኞ፣ የካቲት 25። 10ኛ ቀን።

ሌላ ረዳት ፈለግኩ። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ፈቃደኛ ሆነ። «ጋሼ፣ ለሳይንስ ከሆነ እንኳን ሰዓት ፀጉሬንም እይዛለሁ» አለኝ። ራሰ በራ ነው።

መጀመሪያ 38.2። ሁለተኛ 43.5። በሦስተኛው ስለ አማቱ እያወራኝ ነበር፤ 1 ደቂቃ ከ52። በአራተኛው ደንበኛ መጥቶበት ሰዓቱን ኪሱ ከቶት ሄደ። ማታ ሲመልስልኝ አሁንም እየቆጠረ ነበር።

ልፈርምልህ አለኝ። አይሆንም አልኩት። ከፋው። «እትዬ እንዴት እንደቻሉዎት አሁን ገባኝ» ብሎ ወጣ። ቻለችኝ ማለቱ ይሁን እንዴት ቻሉት ብሎ መጠየቁ ግልጽ አይደለም። የአነጋገር ጥራት ከሕዝቡ ጠፍቷል።


ዓርብ፣ የካቲት 28። 13ኛ ቀን።

ብቻዬን ሠራሁት። በግራ እጄ ለቀቅኩ፣ በቀኝ እጄ ጫንኩ፣ በአፌ ቆጠርኩ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። የስፌት መኪናው አይሰማም፣ ማንም አያናግረኝም። ለልኬት ከዚህ የተመቸ ሁኔታ አይገኝም።

39.7።

ደገምኩት። 39.7። ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ተነሥቼ ደገምኩት። 39.7።

ብዙ ካሰብኩ በኋላ የሚከተለው ድምዳሜ ላይ ደርሻለሁ። ሰው ሠላሳ አንድ ዓመት አብሮ ሲኖር ልማድ ይጋባበታል። ቀድሞ የመጫኑ ልማድ ከእሷ ወደ እኔ ተላልፏል። ሌላ ሊሆን የሚችል ነገር አይታየኝም።

እራት አልሠራሁም። ሁለት ሰሐን አውጥቼ ኖሮ አንዱን መለስኩት።


ሰኞ፣ መጋቢት 1። 16ኛ ቀን።

ልጄ ስልክ ደወለች። ስለ እናቷ ልትነግረኝ መስሎኝ ነበር።

«አባዬ፣ መታወቂያ ላሳድስ ሄጄ ቁመት የሚለው ላይ 1 ሜትር ከ63 ብዬ ሞላሁ። ለክተውኝ 59 አሉኝ። ወረፋው ሁሉ ሳቀብኝ።»

«መለኪያቸው ተበላሽቶ ነው። አንቺን በጓዳው በር መቃን ላይ በየልደትሽ የለካሁሽ እኔ ነኝ።»

«ክሊኒክም 59 ነው ያሉኝ። መሥሪያ ቤትም ለዩኒፎርም ሲለኩኝ 59።»

«እንግዲህ ሦስቱም ተበላሽተዋል።»

ሕፃኑ ሲያለቅስ ይሰማል።

«እማዬ እውነቷን ነው» ብላ ዘጋችው። ስለ ምን እንደሆነ አልገለጸችም።

አሥራ አንድ ቀን ቀረኝ።


ሐሙስ፣ መጋቢት 4። 19ኛ ቀን።

በችኮላ ነው የምጽፈው።

መጋረጃው እግሬን ጠልፎ ጣለኝ። ጉልበቴ ተላጠ። ላሳጥረው ወሰንኩ። ከስፌት መኪናው ላይ የእሷን ሜትር አነሣሁ። ትታው ነው የሄደችው። እንጨቴን ከጎኑ አጋደምኩ።

እንጨቴ አንድ ሜትር። በእሷ ሜትር ዘጠና ስምንት።

ተስቧል ማለት ነው። ግን የተሳበ ሜትር ሲለካ ያሳንሳል፤ በስንት? አላመንኩም። ብረታ ብረት ቤት ሮጥኩ። ባለሱቁ አዲስ የብረት ሜትር ዘረጋልኝ። ዘጠና ስምንት። ከሌላ ፋብሪካ ሌላ አወጣ። ዘጠና ስምንት። የእሷንም ዘረጋው። ልክ።

«አባት፣ እንጨትዎ ጫፉ ተቆርጧል» አለኝ። «እዩት፣ የመጋዙ ጥርስ ይታያል።»

ይታያል።


ዓርብ፣ መጋቢት 5። 20ኛ ቀን።

ትናንት መጨረስ አልቻልኩም። ዛሬ በሥርዓት እጽፈዋለሁ።

ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ክፍል አልሰማ ብሎ አስቸገረኝ። በእንጨቱ ጠረጴዛውን መታሁት። ጸጥ አሉ። እንጨቱ ጫፉ ላይ ተሰነጠቀ። የትምህርት ቤቱ አናጢ የተሰነጠቀውን ቆርጦ፣ በመላጊያ አለስልሶ መለሰልኝ። አዲስ መሰለ። የተሰነጠቀው ስንት ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ከአሥር በታች ያሉት ቁጥሮች በመዳፌ ታሽተው ከጠፉ ደግሞ ዘመን የላቸውም። ሁልጊዜ የምይዘው በዚያ በኩል ነበር።

እንግዲህ እንጨቴ የሚጀምረው ከዜሮ አይደለም። ከሁለት ነው። በጣልኩት ቁጥር ሁለት ሴንቲ ሜትር ይዋሻል።

መንገዱ 143 ሜትር አይደለም፤ 140 ነው። መጋረጃው ሦስት ጊዜ እንጨት የተጣለበት ነው፤ ሦስት ጊዜ ሁለት፣ ስድስት። ልክ እንደ ትርፉ። ልጄ ሁለት ጊዜ እንጨት ነው የወሰደችው፤ 59 ናት። ክሩ 98 ሴንቲ ሜትር ነበር። የ98 ሴንቲ ሜትር ክር ሃያ ምልልስ ስንት ይፈጃል? አሰላሁት። 39.7።

እሷ ከአንድ አሥረኛ ሰከንድ በላይ አልተሳሳተችም። ድስቱ እያረረ።

ሠላሳ ሁለት ዓመት በተቆረጠ እንጨት አስተምሬያለሁ። በዓመት ሁለት ክፍል፣ በክፍል ሃምሳ ተማሪ፣ በየዓመቱ የልኬት መልመጃ። የራሱን ማስመሪያ አምጥቶ በትክክል የለካው ሁሉ በቀይ ተሰርዞበታል። በእኔ እንጨት የለካው አሥር ከአሥር አግኝቷል።

ምዕራፍ አንድን እንደገና አነበብኩት። በመልመጃው ላይ የጻፍኳቸውን ሰዎች ቆጠርኩ። ሰባቱን የመንገድ ሰዎችና ሦስቱን ዘመዶች ሰረዝኩ። ገጹ ላይ ሌላ ስም ለመጻፍ ቦታ በቂ ነው። የአማቼን ስም ግን መልሼ አስገብቼዋለሁ፤ እሱ በእንጨቱ አይደለም።


ሰኞ፣ መጋቢት 8። 23ኛ ቀን።

140 ሜትር ሄጄ ማእከሉ ገባሁ። አስተባባሪው ቅጾች ላይ ማኅተም እየመታ ነበር።

«ጥቁር ሰሌዳው 2 ሜትር ከ94 ነበር» አልኩት።

ማኅተሙ አየር ላይ ቀረ።

«እንጨቴ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተቆርጧል። ሦስት ጊዜ ሲጣል ስድስት። አንተ ትክክል ነበርክ። ዜሮው ወደ አሥር ተቀይሯል።» የድሮውን የውጤት መዝገብ ከዕቃ ቤት አውጥቼ ይዤ ሄጄ ነበር። በፊቱ ሰርዤ አሥር ጻፍኩ፣ ፈረምኩበት።

ለረጅም ጊዜ መዝገቡን አየው። ዓይኑ እንባ ያቀረረ መሰለኝ። ሳቁን አፍኖ ነበር።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «እኔ እኮ አልለካሁትም። አጠገቤ ከተቀመጠችው ልጅ ነው የቀዳሁት። እሷ የእናቷን የስፌት ሜትር ይዛ መጥታ ነበር።»

አሥሩን ሰርዤ ዜሮውን መለስኩ። ልጅቷን በመዝገቡ ፈለግኳት። እሷም ዜሮ ነው የሰጠኋት። ያለችበትን አያውቅም። ለእሷ አሥር ጻፍኩ።

«አሁን ዋናዋን ረዳት ያግኙ» አለኝ። «አራት ቀን ነው የቀረው። ካልሆነ ግን ኮፒ ቤቱ …»

በሩን ዘግቼበት ወጣሁ።


ረቡዕ፣ መጋቢት 10። 25ኛ ቀን።

ክሩን፣ ጓጉንቸሩን፣ ሰከንድ ቆጣሪውን፣ ባዶ ቅጽና የእሷን ሜትር ይዤ ልጄ ቤት ሄድኩ። በመንገድ ላይ የምናገረውን በሦስት ነጥብ አዘጋጅቼ ነበር። በሩ ሲከፈት ሦስቱም ጠፉብኝ።

«እንጨቴ አጥሯል» አልኳት።

«ስንት?»

«ሁለት ሴንቲ ሜትር።»

ባለቤቴ ሕፃኑን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረችው።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ?»

«ሠላሳ ሁለት። ከመጋባታችን በፊት ነው የተቆረጠው።»

«እንግዲያው እኔንም በሱ ነው የለካኸኝ። ለሠርግ ልብሴ፣ አስታወስክ? 1 ሜትር ከ68 ብለህ ጽፈህ ሰጠኸኝ። ቀሚሱን እያነሣሁ ነው ፎቶ የተነሣሁት።»

«64 ነሽ።»

«64 መሆኔን እኔ አጥቼው?»

ልጃችን ፊቷን በሕፃኑ ፎጣ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ባለቤቴ አልሳቀችም። ሜትሩን ከእጄ ተቀበለችኝ፤ እንደምታደርገው አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። ሕፃኑን ለእናቱ ሰጠች።

«ምስማር የት ልትመታ ነው?» አለችኝ።

እሷ ለካች። እሷ ለቀቀች፣ እሷ ቆጠረች። እኔ ሰዓት ያዝኩ። ሃያ ስትል ጫንኩ። 39.8።

«ቀድመህ ጫንክ» አለችኝ።

«ሃያ ስትዪ ነው የጫንኩት።»

«ሃያ ልል ስል ነው የጫንከው።»

አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ሰከንድ ቆጣሪውን ወደ ዜሮ መለስኩት።

«መዝግቢው» አልኳት።

መዘገበችው። ቀጥሎ 40.1። ቀጥሎ 40.1። አሥረኛው ድረስ። ስበቱ 9.8 መጣ። መሬት በልጃችን ቤት እንደማንኛውም ቦታ ትስባለች።

«ሪፖርቱን ግን እኔ ነኝ የምጽፈው» አለች። «የመጨረሻውንም ሣጥን።»


ዓርብ፣ መጋቢት 12

አስተባባሪው 9.8ን አይቶ በኀዘን አየኝ። «ቲቸር፣ እርስዎም ኮፒ ቤት ሄዱ?» አለኝ። ሣጥኑን ሲያነብ ግን ማኅተሙን መታ። እንዲያውም ሁለት ጊዜ መታው። ሪፖርቱ ዛሬ በፖስታ ወደ ዋናው ቢሮ ሄዷል፤ 140 ሜትር ለመመለስ።

ሁለቱን ሻንጣ ከታክሲው ያወረድኩት እኔ ነኝ። ቀናቱን መቁጠር አቁሜያለሁ። ባለቤቴ ገና ነጠላ ጫማዋን ሳትቀይር መጋረጃውን አወረደችው፤ አሁን ስድስት ሴንቲ ሜትሩን እያጠፈች ትሰፋለች። መኪናው ይጮኻል። ለጥናት አይመችም። በሩን አልዘጋሁትም።

የሪፖርቱ ኮፒ ፊቴ ነው። የመጨረሻውን ሣጥን በእሷ የእጅ ጽሑፍ እንዳለ እገለብጠዋለሁ።

«የስህተቱ ምንጭ፦ አንድ እንጨት እና ያዡ»

አራት ነጥብ አላደረገችም። ቀዩ እስክሪብቶ ኪሴ ውስጥ ነው። አውጥቼ፣ ክዳኑን ከፍቼ፣ ጥቂት ይዤው ተቀመጥኩ። ከዚያ መልሼ ከደንኩትና ወደ ሳሎን ሄጄ የመጋረጃውን ሌላ ጫፍ ያዝኩላት